የሐቦባ ጤና አዳም ሌቦች

አያቴ የሞተች ዕለት ከእኔ አብልጠው ያለቀሱ ሰዎች ነበሩ። እስከ ዛሬ አልተውኩላቸውም። እኔ የልጅ ልጇ፣ ሥጋዋና ደሟ፣ ምንጣፍ ጥግ ላይ ኩርምት ብዬ ተቀምጬ፣ ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው ሴቶች በበሩ እየገቡ «ያ ሐቦባ! ያ ሐቦባ!» እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ አየሁ። ሐቦባ በሱዳኖቹ አነጋገር አያት ማለት ነው፤ «ያ» መጥሪያቸው ነው። ገዳሪፍ ውስጥ በእኛ ሰፈር ግን ሐቦባ ከተባለ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ጥሩ የምትባለው የእኔዋ አያት ነበረች። የሰፈሩ ሁሉ አያት መሆኗ የልጅ ልጇን ያኮራል ብሎ የሚያስብ ካለ፣ አያቱን ከሰፈር ጋር ተካፍሎ ያላደገ ሰው ነው።

እኔ የምጠራት እምዬ እያልኩ ነበር። እናቴ ለሥራ ካርቱም ስትሄድ፣ ገና የወተት ጥርሴ ሳይነቀል፣ ለእሷ ጥላኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ እናቴ የመጣችው እንደ እንግዳ ነው። ስለዚህ ለእኔ ከእምዬ ሌላ ሰው አልነበረኝም። እሷ ግን ከእኔ ሌላ አገር ሙሉ ሰው ነበራት። የጠባችን ሁሉ ምንጭ ይህ ነው።

እምዬ የአርማጭሆ ሰው ናት። በደርግ ጊዜ ባሏን ቀብራ፣ እናቴን በጀርባዋ አዝላ፣ በመተማ በኩል በእግሯ ተሻገረች። ስንት ዓመቷ እንደነበር የሚያውቅ የለም። ለጠያቂው ሁሉ የተለያየ ዕድሜ ነበር የምትነግረው፤ ለሐኪም ቀንሳ፣ ለቄስ ጨምራ። እኩዮቿ የተባሉት ሁሉ አልቀው፣ የእነሱ ልጆች ራሳቸው ሸብተው፣ እሷ ጎንበስ ብላ አረም ትነቅል ነበር። «እማማ፣ መቼም እግዜር ዕድሜ ሰጥቶዎታል» ሲሏት ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርግና «ዝም በሉ እባካችሁ፣ ረስቶኛል፤ አታስታውሱብኝ» ትላለች። አጭር ነበረች። ከሐበሻ ቀሚሷ ላይ ቶብ የሚባለውን የሱዳን ሴቶች ረጅም ኩታ ትጠመጠማለች። እጇን ስትታጠብ በጨርቅ አትጠርግም፤ ወደ አትክልቷ ዞር ብላ ቅጠሉ ላይ ታራግፈዋለች። እኔም ዛሬ እንዲያ ነው የማደርገው፤ ባሌ ወለሉን አረጠብሽው እያለ ይቆጣል።

ገዳሪፍ ውኃ በአህያ ጋሪ እየዞረ የሚሸጥበት ከተማ ነው። አፈሩ ጥቁር ነው፤ በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጫማ ያስቀራል። እዚህ አገር ለአትክልት ብሎ ውኃ ማፍሰስ እንደ ጥጋብ ይቆጠራል። እምዬ ግን ለአትክልቷ አንድ ጣሳ ውኃ አፍስሳ አታውቅም። ዚር ነበራት። ዚር የመጠጥ ውኃ የሚቀዘቅዝበት ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ነው፤ ጥላ ሥር በብረት እግር ላይ ይቆማል፣ ገላው ያልበዋል፣ ከሥሩም ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ይላል። እምዬ ሁለት ዚሮች ከኒሙ ዛፍ ሥር አቁማ በጠብታቸው ጤና አዳም አበቀለች። ቁጥቋጦው ወገቧ ድረስ ይደርስ ነበር።

ጎመኑን ደግሞ የሚያጠጣው የሐጃ ነፊሳ ውዱእ ነው። ሐጃ ነፊሳ የአጥር ጎረቤታችን ናት። ለሶላት ስትታጠብ ውኃው በአጥሩ ሥር ሾልኮ ወደ እኛ እንዲመጣ እምዬ በቢላ ጫፍ ቦይ ቆፍራለት ነበር። ቦዩ ደርቆ ካገኘችው በአጥሩ ላይ ትጣራለች።

«ሐጃ! ዙህርን ረሳሽው እንዴ? ጎመኔ ጠወለገ እኮ!»

«ያ ጥሩ፣ ለጎመንሽ ብዬ ነው እንዴ የምሰግደው?» ትላለች ሐጃ ነፊሳ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ እየሳቀች። ቢሆንም ያን ቀን እግሯን ስትታጠብ ውኃ አትቆጥብም።

ምግቧን ካነሳሁ ስልጆዋን ማንሳት አለብኝ። የጾም ምግብ ነው፤ አገር ቤት በሱፍ ይሠራል። እዚህ ሱፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ እምዬ ገዳሪፍን የሞላውን ሰሊጥ ለወጠችበት። የባቄላውን ዱቄት አብስላ ታቀዘቅዛለች። ሰሊጡን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በውኃ በጥብጣ፣ አጥልላ ትጨምርበታለች። ከዚያ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በመጨረሻም ከዚሩ ሥር የተቀጠፈ ጤና አዳም። አፉን አስራ ጥግ ታስቀምጠውና እስኪኮመጥጥ ድረስ ማንንም አታስነካም። ሲከፈት ሰናፍጩ አፍንጫ ገብቶ እንባ ያስፈስሳል፤ ጤና አዳሙ ደግሞ ከኋላ ደርሶ ያባብላል። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ ትሰጠኛለች ብዬ በየዓመቱ እጠብቅ ነበር። የመጀመሪያውን የምታጎርሰው ግን ያን ቀን በሩን ቀድሞ የገባውን ሰው ነው። አንድ ጊዜ ውኃ ሻጩን አጉርሳው አይቻለሁ። ለሁለት ቀን አላናገርኳትም፤ እሷም ልብ አላለችም።

በረመዳን ሰፈርተኛው ወንድ ሁሉ መንገድ ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ነው የሚያፈጥረው፤ ከየቤቱ ትሪ ይወጣል። እምዬ ክርስቲያን ሆና ትሪ ታወጣ ነበር፤ የማሽላ ገንፎ፣ ላዩ ላይ የደረቀ ባሚያ ወጥ፣ ውስጡ ውስጡን የእኛ በርበሬ የገባበት። ሰዎቹ «የሐቦባ ትሪ የታለ?» እያሉ ሲሻሙ ከበር ቆሜ አያለሁ። ሌላ ልጅ ቢሆን ይኮራ ነበር። እኔ ትሪው ተሟጦ እስኪመለስ ድረስ አንጀቴ ያርር ነበር።

አሁን ወደ ሌቦቹ ልምጣ።

እምዬ ስለ ጤና አዳም አንድ ሕግ ነበራት። አይለመንም፣ አይሰጥም፤ ይሰረቃል። በልመና የሄደ አይጸድቅም ብላ ታምናለች። ተሰርቆ የሄደ ግን እንዳይያዝ ፈርቶ ሥሩን ቶሎ ይሰዳል ትላለች። የራሷንም መተማ ላይ ከአንዲት ሴት ደጅ ቀጥፋ፣ ጡቶቿ መሃል ሸጉጣ ነው ያሻገረችው። አንዲት እናት መጥታ «ሐቦባ፣ ሕፃኑን ሆዱን ቆረጠው፤ አንድ ቅርንጫፍ ብትሰጪኝ ከቤቴ ብተክለው» ስትላት፣ ከቁጥቋጦው አጠገብ ቆማ «የለኝም» ትላለች፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ። ቀጥላ «ተቀመጪ፣ ሻይ ላፍላልሽ» ትልና ማድቤት ገብታ ድስት ታንኳኳለች። ለሻይ ድስት ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቃት የለም። ድስቱ እስከተንኳኳ ድረስ ሌባዋ ጊዜ አላት፤ ዝም ካለ እምዬ እየወጣች ነው። ሰፈሩ በሙሉ ይህን ያውቃል።

ጤና አዳም ደግሞ ሌባውን አይሸሽግም፤ የነካው ሁሉ እሱን እሱን ይሸታል። ሴቶቹ ሻዩን ጠጥተው ሊሰናበቱ ጉንጯን ሲስሟት፣ እምዬ አፍንጫዋን አንገታቸው ሥር ቀብራ ትስብና «ደኅና ግቢ» ትላለች። ፊቷ ያን ጊዜ የሚበራውን ያህል ሲበራ አይቼ አላውቅም።

እኔ ዘበኛ ነበርኩ። የሾመኝ የለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ዚሩ አጠገብ በርጩማ ላይ እቀመጥና ሌባ እጠብቃለሁ።

«እምዬ! ቆረጠች! ከመሃሉ ቆረጠች!» ብዬ እጮሃለሁ።

«ምን ያስጮህሻል በዚህ ሙቀት?» ትላለች ከማድቤት። ከዚያ ሌባዋን በር አድርሳ ስትመለስ ጆሮዬን ትይዛለች። «ጤና አዳም ከክፉ ዓይን ይጠብቃል ይላሉ። ከአንቺ ዓይን የሚጠብቀኝ ምን ይሆን፣ ገፊሬ?» ገፊር በሱዳን ግቢ ጠባቂ ነው። ስሜ ትርንጎ ነው፤ እሷ ግን እስክትሞት ገፊሬ ነበር የምትለኝ።

እንዲህ ብዬ አስብ ነበር፦ የሚሰርቅ ባዕድ ነው። እኔ የቤት ልጅ ነኝ። ለባዕድ ስርቆት ከተፈቀደ ለቤት ልጅ በእጅ መስጠት ይገባል። አግብቼ ከከተማው ማዶ ቤት ስይዝ፣ የራሴን ዚር ገዝቼ ካቆምኩ በኋላ፣ ወደ እምዬ ሄድኩና ፊት ለፊት ጠየቅኋት።

«እምዬ፣ ዚር አቆምኩ። ከሥሩ የምተክለው ስጪኝ።»

«የለኝም» አለችኝ።

«እኔን ነው?»

«ተቀመጪ፣ ሻይ ላፍላልሽ።»

ገባች። ድስቱ ተንኳኳ። በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ እጄን ግን አላነሳሁም። ከጎረቤት ሴቶች ጋር ተሰልፌ በገዛ ቤቴ ሌባ ልሁን? ሻዩን ጠጥቼ፣ ባዶ እጄን ስሜያት ወጣሁ። አንገቴን ስታሸት ዘገየች። ሆድ ባሰኝ፤ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

በዚህ ላይ ሰዓዳ መጣች። ሰዓዳ የወሎ ልጅ ናት፤ ካርቱም ልትሄድ፣ ከዚያም ወደ ሊቢያ ልታልፍ ተነስታ፣ ለስንቅ ብላ ገዳሪፍ ዙሪያ ሰሊጥ ስታርም ወባ ጣላት። በሐጃ ነፊሳ በር ላይ ተቀምጣ ስትንቀጠቀጥ እምዬ አይታ አስገባቻት። እስክትድን ተብላ የገባችው ክረምት ወጥቶ ክረምት እስኪገባ ቆየች። መጀመሪያ «እማማ፣ እርስዎ» እያለች ነበር የምታናግራት። እሱን ችዬው ነበር። አንድ ቀን ልጠይቅ ስገባ ግን ከማድቤት «እማማ፣ ጨው አሳንሰሻል» ስትላት ሰማሁ። አሳንሰሻል! የያዝኩትን ሙዝ አስቀምጬ ሳልቀመጥ ተመለስኩ።

ስልጆውንም አስተማረቻት። የማትጾመውን እስላሚቱን! እኔን አላስተማረችኝም አልልም፤ እኔ አጠገቧ አድጌ በማየት ተማርኩ። ሰዓዳን ግን እጇን ይዛ፣ ማማሰያውን አስጨብጣ ነው ያስተማረቻት። ሰዓዳም ሌላ የምታጠፋው ነገር ቢገኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልተገኘም፤ ቀልጣፋ፣ ሳቂታ፣ ትሑት ናት። ሰው የሚጠላበት ቀዳዳ የሌለው ሰው እንዴት እንደሚያናድድ የቀና ያውቀዋል።

ባሱንዳ በምትባል የገጠር ከተማ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው አገባት። ልንሸኛት በመጣንበት ቀን ሻንጣዋን አስቀምጣ ወደ ዚሮቹ ስትጠጋ አየኋት። ከማድቤት ድስት ይንኳኳል። እጅ ከፍንጅ ያዝኳት።

«እምዬ! ይህችም!»

ሰዓዳ ደንግጣ ቅርንጫፉን ጉያዋ ከተተች። እምዬ ወጣች። አየችኝ፣ አየቻት። «እኔ ምንም አላየሁም» አለችና ሰዓዳን አቅፋ አፍንጫዋን አንገቷ ሥር ቀበረች። ቆየች እዚያው። ስትለቃት ሁለቱም ያለቅሱ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ የእኔ ግን የንዴት ነበር።

ባለፈው ዓመት እምዬ ደከመች። በምርኩዝ ሆነች። ካርቱም ከነደደች በኋላ ሰዉ ሁሉ ወደ ገዳሪፍ ጎርፎ ነበርና የእኔ ልብስ ስፌት ሥራ በዝቶ እየቆየሁ ነበር የምጠይቃት። የመጨረሻው ጊዜ ይሁን አይሁን ሳላውቅ እንደገና ጠየቅኋት።

«አሁንስ ትሰጪኛለሽ፣ እምዬ?»

«የለኝም» አለች። «ሻይ ላፍላልሽ።»

«ተይ፣ እኔ አፈላለሁ።»

«ተቀመጪ ብዬሻለሁ።»

ከአልጋዋ ለመነሳት ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ምርኩዟን እየተከለች ማድቤት ገባች። ድስቱ ተንኳኳ፤ እንደ ድሮው ሳይሆን ቀስ እያለ፣ ግን ረጅም። እጄን ጭኖቼ መሃል አድርጌ ተቀመጥኩ። እልኸኛ ነኝ፤ ከእሷ ነው የወረስኩት። ስትወጣ ቁጥቋጦውን አየች፣ ቀጥላ እጆቼን አየች። ሻዩን ቀዳችልኝ።

በሚያዝያ ሐሩር፣ ከምሳ በኋላ፣ ከኒሙ ሥር የገመድ አልጋዋ ላይ ጋደም እንዳለች አረፈች።

የሰፈሩ ሰዎች ደጎች ናቸው። መንገዱ ላይ ድንኳን ተከሉ፣ ምንጣፍ አመጡ፣ ምግብ በየተራ አቀረቡ። ለቀስተኛው ውኃ እንዲጠጣ ብለውም ሁለቱን ዚሮች ከነብረት እግራቸው ተሸክመው ድንኳኑ በር ላይ አቆሟቸው። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ በሚያለቅሱት ስቀና አላየሁም። ለቅሶው ሲበተን ወደ ጓሮ ዞርኩ። ጤና አዳሙ ቆሟል፤ ስነካው ግን እንደ ጭድ ፍርፍር አለ። ጎመኑን ክፍት ባገኘው በር የገባ ፍየል ጨርሶታል። ዚሮቹን ቦታቸው አስመለስኩ፣ ጠበቅሁ፤ አላንሰራራም። ያን ሁሉ ዘመን በጠብታ የኖረ ነገር ለእሷ በተለቀሰበት ሳምንት በጥም ሞተ።

አርባዋ በሰኔ ጾም ሊውል ነው። ስልጆዋን ልሠራላት ፈለግሁ፤ ከምንም በላይ ግን ከእሷ እጅ የበቀለ አንድ ነገር ከቤቴ እንዲኖር ፈለግሁ። ሌቦቹን በስም አውቃቸዋለሁና ቤት ለቤት ዞርኩ። የሐጃ ነፊሳ ጤና አዳም በነበረበት ቦታ ላይ ከካርቱም ለመጡት ዘመዶቿ ክፍል ተሠርቶበታል። የሌላዋን ፍየል በልቶታል። አንዷ ከተማ ለቃለች። ሐጃ ነፊሳ ትከሻዬን ይዛ «ባሱንዳ አለ፣ ሰዓዳ ጋ» አለችኝ። ላለመስማት የፈለግሁትን ነበር የነገረችኝ።

ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው በፒካፕ ጀርባ ተጭኜ ሄድኩ። የሰዓዳ ግቢ በር ላይ ስደርስ ሳላንኳኳ ሽታው አገኘኝ። ገባሁ። ዚር አለ። ከሥሩ የእምዬ ጤና አዳም አለ፤ ወገብ የሚደርስ፣ አመድማ አረንጓዴ፣ ቢጫ አበባ ያዘለ። ዓይኔ ደም ለበሰ።

ሰዓዳ ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ። አለቀስን። ከዚያ እንባዋን በቶቧ ጫፍ ጠረገችና አካፋ አነሳች።

«ለምን እንደመጣሽ አውቃለሁ፣ እቴ። ሐጃ ነፊሳ በስልክ ነግራኛለች፣ ደረቀ ብላ። ወላሂ እህል አልወርድ አለኝ። ከነሥሩ ልንቀልልሽ፤ የአንቺ ነው።»

የአንቺ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ቃል ነው፤ የመጣው ግን ከሌላ አፍ ነው።

«ቆይ» አልኳት። «እሷ እንዲህ ብላ ሰጥታሽ ታውቃለች?»

«ለእኔ? አንቺው አይደለሽ እንዴ የያዝሽኝ?» ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። «እማማ እኮ አንቺን ነበር የምትጠብቀው።»

«እኔን?»

«ደጋግማ ትለኝ ነበር፤ ‹ገፊሬ ሳትሰርቀኝ የትም አልሄድም፣ ሞትም ቢመጣ ቆይ እለዋለሁ› ትላለች። አንቺ የምትመጪ ቀን ድስቶቹን ከጠዋት አሰናድታ ነው የምትጠብቅሽ። ስትሄጂ ደግሞ ቁጥቋጦውን ትዞረዋለች፣ የተቆረጠ ካለ ብላ። ‹ዛሬም አልነካችውም› ትለኝና እስኪመሽ አታወራም።»

ሰዓዳ አካፋውን አፈሩ ላይ ልታሳርፍ ጎንበስ አለች።

«ተይው» አልኳት። «ከእጅሽ አልቀበልም።»

«እንዴ! ተቀየምሽኝ?»

«ግቢና ሻይ አፍዪልኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። አካፋውን ቀስ ብላ አስቀመጠች፣ ማድቤት ገባች፣ ድስት ማንኳኳት ጀመረች። እንደ እምዬ አትችልበትም፤ ያጣድፋታል። እኔ ዚሩ አጠገብ ብቻዬን ቀረሁ። የማድቤቱን በር ሦስቴ ገልመጥ ገልመጥ አደረግሁ። የአያቴን የገዛ ጤና አዳም ለመስረቅ ያን ያህል መፍራቴ ዛሬም ያስቀኛል። ከመሃሉ ቀጠፍኩ፣ ጡቶቼ መሃል ሸጎጥኩት።

ድስቱ ዝም አለ። ሰዓዳ ሻይ ይዛ ወጣች። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ወፍጮው አወራን። ሽታዬ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ልሰናበት ስነሳ አፍንጫዋን አንገቴ ሥር ቀብራ ሳበችና «ደኅና ግቢ» አለችኝ። እሱንም ከእምዬ ወስዳዋለች፣ ልክ እንደ እሷ አድርጋ።

ፒካፑ ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አፍንጫዋን ስትነፋ ፊቴን ወደ ሜዳው አዞርኩ፤ በለቅሶው ያላለቀስኩትን ያን ጊዜ አለቀስኩ። ሰዎች የእምዬ ዕድሜ የረዘመው በጎመኑ ነው፣ በጸሎቷ ነው ይላሉ። ይበሉ። ሌሎቹ ቅርንጫፍ ወሰዱ፣ ጉርሻ ወሰዱ፣ ስሟን ሳይቀር ሐቦባ ብለው ወሰዱ። የጠበቀችው ግን እኔን ነው፤ መጠበቁ እስኪደክማት ድረስ። ይህን ከማንም ጋር አልካፈልም።

ቅርንጫፉ ከዚሬ ሥር ነው። ጸድቋል፤ ሥሩንም ቶሎ ነው የሰደደው። የሰፈሬ ሴቶች ሽታውን ተከትለው እየመጡ ይለምኑኛል። ለማንም አልሰጥም። ሰው ሲመጣ ግን ሻይ ላፈላ እገባለሁ።